የሽፈራው ማንኪያና የአንድ ኪሎ ጨው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርብ ወራት በጤና ገጻችሁ ላይ ስለ ቺያ ፍሬ፣ ስለ ሽፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠል ዱቄትና ስለ ጥቁር አዝሙድ ዘይት ጠቃሚነት የወጡትን ጽሑፎች አንብቤአለሁ። እያንዳንዱን ቆርጦ የሚያስቀምጥ ሰው እቤቴ አለ፤ ታላቅ ወንድሜ ነው። ጽሑፎቹ ገበታ ላይ ሲደርሱ ምን እንደሚሆኑ በቅርብ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ወንድም ጋሼ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊት አለባቸው። ጠዋት ቺያውን በውኃ ዘፍዝፈው ይጠጣሉ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽፈራው ሻያቸው ላይ ይጨምራሉ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የፈለጉትን ቢበሉ ያ ማንኪያ የሚመክትላቸው ይመስላቸዋል። ሽሮው ሳይቀመስ ጨው ይነሰነስበታል። ከአቦል እስከ በረካ ሦስቱም ሲኒ ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ይገባበታል። በጾም ወራት ደግሞ ከአራት ኪሎ ሲመለሱ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ፓስቲና ሳምቡሳ አይጠፋም። ጎመን ከእንጀራው ጥግ እንደ ጌጥ ትቀመጣለች።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ 34 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ግፊት ጥሏቸው፣ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው የመጡትን ሰዎች አገላብጬአለሁ፤ አጥቤአለሁ። ቺያ በማጣት የታመመ አንድም አላጋጠመኝም።

ባለፈው ጊዜ የቤታችንን ጨው ለካሁ። ሦስት ሰዎች ነን፤ አንድ ኪሎው በ25 ቀን አለቀ። ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 13 ግራም ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በዚህ ሂሳብ ኪሎው ከሁለት ወር በላይ ሊቆየን በተገባ ነበር። በርበሬውና ምጥን ሽሮው ከወፍጮ ሳይመለሱ የገባባቸው ጨው፣ ከዳቦ ቤት በምንገዛው ዳቦ ውስጥ ያለውም ጨው ሂሳቡ ውስጥ የሉም።

ሽፈራውን አልጠላም። ኮንሶዎች ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው፣ ከእህል ሊጥ ድቡልቡል ጋር አብስለው ኩርኩፋ ይሠሩበታል፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይበላዋል። እዚያ የዕለት ምግብ ነው። እኛ ዘንድ ደርቆና ተፈጭቶ በብልቃጥ ሲመጣ መድኃኒት ሆነ፤ በማንኪያ ጫፍ የሚለካ፣ ዋጋውም ቅጠሉን የማይመስል። ቺያም ጥሩ አሰር (ፋይበር) አለው፤ ነገር ግን አሰር በምስሩም፣ በባቄላውም፣ በጎመኑም ሞልቶ ተርፏል።

እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ይፋ የሆነው ዳሽ የተባለ ጥናት 459 ሰዎችን ለ8 ሳምንታት የተዘጋጀ ምግብ መግቧል። አትክልትና ፍራፍሬ የበዛበት፣ ቅባቱ የተቀነሰ ወተት ያለበትና ጮማው ያነሰ ማዕድ ከደረሳቸው መካከል ግፊት የነበረባቸው ሰዎች፣ የተለመደውን ከበሉት ጋር ሲነጻጸሩ የላይኛው የግፊት ቁጥራቸው በ11 ገደማ ወርዷል። የጨው መጠኑ በሁሉም ዘንድ እኩል ነበር። ተመራማሪዎቹ የለወጡት ማዕዱን በሙሉ ነው።

አትክልት ርቆብናል የሚል ጎረቤት እንዳለ አውቃለሁ፤ እውነቱን ነው። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ እንደ ድሮው በእግር ደርሶ ዘንቢል ሞልቶ መመለስ የለም። እኔ የእሁድ ገበያን እጠብቃለሁ። ወንድም ጋሼ ለአንድ ብልቃጥ በሚያወጡት ገንዘብ ግን ብዙ እሁድ ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር መግዛት ይቻላል።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የጤና ገጻችሁን ለአንድ ወር እንኳ ለየዕለቱ ገበታችን ስጡት። የሽሮ ጨው፣ የወጥ ዘይት፣ የቡና ስኳር ስንት እንደሆነ በግራም ለክታችሁ አትሙልን። የሥነ ምግብ ባለሙያ ጠይቁ፤ ወንድም ጋሼም ቆርጠው ያስቀምጡታል።

እኛ ምጥን ሽሮውን ያለ ጨው አስፈጭተናል፤ የጨው ዕቃውንም ከገበታ ላይ አንሥተናል። ቺያቸውን አልነካሁባቸውም። በአዲሱ የጨው ፓኬት ላይ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፍኩበት፤ ዛሬ 31ኛ ቀኑ ነው፤ ከግማሽ በላይ አለ።

ጡረተኛ ነርስ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ