«ባለ ካርዷ ራሳቸው ይምጡ»

ለክፍለ ከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ
ግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ ሌላ በር ስላጣሁ ነው። ከጥር ወር ወዲህ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ ሁለቱም በመዝገብ ቤትዎ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ሦስት ጊዜ በአካል መጥቼ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ተመልሻለሁ።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ስኳርና ግፊት አለባት። ከኮሮና በፊት የማንንም እጅ አትፈልግም ነበር። ማለዳ ኪዳን ታደርሳለች፤ ሾላ ገበያ በእግሯ ሄዳ ሽንኩርቷን ራሷ መርጣ ትመለሳለች፤ ጎረቤት ጠርታ ቡና ታፈላለች፤ የዕድር መዋጮዋን ራሷ ወስዳ ትከፍላለች። መጋቢት 2012 በሽታው አገራችን ሲገባ አረጋውያን፣ ይልቁንም ስኳርና ግፊት ያለባቸው፣ ከቤት እንዳይወጡ ተመከረ። በሬዲዮ ሰማነው፣ በቴሌቪዥን ሰማነው። እናቴም እሺ አለች። ቤተ ክርስቲያኑም ገበያውም ቡናውም ቀረ። መስከረም ሲጠባ ከበርጩማዋ ለመነሣት እጄን ትይዝ ጀመር። «እግሬ ተሳሰረ» ትለኛለች። ስድስት ወር ከአልጋ እስከ በርጩማ ብቻ የተራመደ እግር እንዴት አይተሳሰር?

ይህን ሁሉ የተቀበልነው ነፍሷን ለማትረፍ ብለን ነው። በየወሩ ግን የእናንተው ጤና ጣቢያ ከቤት ያስወጣታል። ካርዷን፣ የቀጠሮ ወረቀቷንና መታወቂያዬን ይዤ መድኃኒቷን ልወስድ ስሄድ መልሱ አንድ ነው፦ «ባለ ካርዷ ራሳቸው ይምጡ።» የሚሰጣትም የአንድ ወር ብቻ ነው። ለፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ተጠቃሚዎች የስድስት ወር በአንድ ጊዜ መስጠት በአገራችን ከኮሮና በፊት ተጀምሯል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ከሰልፍ አድኗል። ታዲያ የግፊት ኪኒን ለሦስት ወር መስጠት የሚከብደው ምኑ ላይ ነው? እኔ ጠይቄያለሁ፤ እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

ሰኞ ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 የሆነውን ልንገርዎ። ስኳሯ በባዶ ሆድ ስለሚለካ ቁርስ ሳትበላ ከንጋቱ 12 ሰዓት ደረስን። የግቢው አግዳሚ ወንበሮች ርቀት ለማስጠበቅ ተብሎ ተነሥተዋል፤ ሰው በተሰመረው መሥመር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ካርድ ክፍል ሦስት ሰዓት ላይ ተከፈተ። አምስት ሰዓት ሲሆን እናቴ ገና ላብራቶሪ አልገባችም። የጠዋት የስኳር ኪኒኗን ከልማድ ውጣዋለች፤ እህል ግን አልቀመሰችም። ላብ አጠመቃት፣ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ተራ አስከባሪውን «እባክህ አሮጊት ናት፣ ትቀመጥ» አልኩት። «ሁሉም በተራው ነው» አለኝ። እጇን አጥብቄ ሳልይዝ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ።

ያኔ ነው ወንበር የመጣው።

ቀዶ ጥገናው ተሠርቶላታል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለች። ነገር ግን ዛሬ ያለ ሰው አትነሣም። መጸዳጃ ቤት የምወስዳት እኔ ነኝ፤ ሥራ ስሄድ የጎረቤት ልጅ ናት። በዚህ ነገር የሚሰማትን ኀፍረት በየቀኑ ፊቷ ላይ አያለሁ። ዕድሜ ልኳን ሰው ስታገለግል የኖረች ሴት፣ እኔን ላለማስቸገር ብላ ውኃ መጠጣት መቀነሷን የደረስኩበት በቅርቡ ነው። ስኳር ላለበት ሰው ይህ ምን እንደሚያመጣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

አሁን ደግሞ ክትባቱ መጣ። ከጤና ባለሙያዎች ቀጥሎ ለአረጋውያን ቅድሚያ ሲሰጥ ደስ ብሎኝ ሮጬ ሄድኩ። ከአልጋ እንደማትነሣ የሐኪም ወረቀት አሳየሁ። መልሱ ያው ነው፦ «ራሳቸው ይምጡ።»

ክቡር ኃላፊ፣ በ2012 ሚያዝያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በራችንን አንኳኩታ የእናቴን ሙቀት ለክታለች። ቤታችንን ታውቀዋለች። የእናቴን ስም፣ ሕመሟን፣ የምትውጠውን ኪኒን በመዝገቧ ጽፋ ሄዳለች። ሙቀት ለመለካት በሰፈራችን በር ሁሉ የደረሰ ጽሕፈት ቤት፣ መድኃኒትና ክትባት ይዞ መድረስ እንዴት ያቅተዋል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲንከባከብ ያዛል። ካርዷን የያዘ ልጅ መድኃኒት ይውሰድ ለማለት፣ አግዳሚ ወንበር ወደ ቦታው ለመመለስ የሚጎድል የመንግሥት አቅም አለ? እኔ የጠየቅሁት እነዚህን ነው፤ በሁለቱም ማመልከቻዎቼ ላይ ተጽፈዋል።

በዚያ ሰልፍ ላይ እናቴ ብቻዋን አልነበረችም። ከፊቷ ከዘራቸውን ተደግፈው የቆሙ አንድ አባት ነበሩ፤ ስትወድቅ ጋቢያቸውን አውልቀው ከራሷ ሥር ያደረጉላት እሳቸው ናቸው። በየወሩ አሁንም እዚያው ሲቆሙ አያቸዋለሁ።

የእናቴ የሚቀጥለው ቀጠሮ ሰኞ ሰኔ 7 ነው። በቃሬዛ ላምጣት ወይስ ካርዷን ይዤ ልምጣ? መልስዎን ከዚያ ቀን በፊት፣ በጽሑፍ እፈልጋለሁ።

የባለ ካርዷ ልጅ