ከሰረዟ በኋላ ያለችውን ቁጥር እዪ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ፒያሳ ግን አንቺ የምታውቂያት አይደለችም፤ ብትመጪ መንገዱ ይጠፋሻል።

የመጫወቻ ሮኬትሽ በአፍንጫው መሬት ላይ እንደተተከለ ወንድምሽ እየሳቀ ነገረኝ። እኔ አልሳቅኩም። መመሪያው ሲ6-3 የሚባለውን ሞተር ተጠቀሚ እያለሽ፣ ሱቁ ውስጥ ጠፋ ብለሽ ሲ6-7 ጨመርሽበት። «ያው ሲ6 ነው» አልሽ አሉ። ያው አይደለም! ፊደሏ የምትነግርሽ ጠቅላላ ጉልበቱን ነው፤ የሲ ጣሪያ 10 ኒውተን-ሰከንድ፣ የቢ ግማሹ። 6 በኒውተን አማካይ ግፊቱ ነው። የመጨረሻዋ ደግሞ ባሩዱ ነዶ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ የሚቆየው ሰከንድ ናት። ያንቺ ሮኬት ከባድ ነው፤ ጫፍ ላይ ቶሎ ይደርስና ቁልቁል ይምዘገዘጋል፣ 7 ሰከንድ አይጠብቅሽም። ቀላል ቢሆን ደግሞ 3 ታንሰው ነበር፤ ገና ሽቅብ እየተወነጨፈ ፓራሹቱ ይወጣና ይቀደዳል። ስለዚህ የኔ እናት፣ ከሰረዟ በኋላ ያለችውን ቁጥር እዪ። ዜሮ ከሆነች አትግዢው፤ እሱ የባለ ሁለት ደረጃ ሮኬት የታችኛው ሞተር ነው።

ሲ5-3 ካገኘሽ ይሆንሻል። ውፍረቱ ያው 18 ሚሊሜትር ነው፣ አነሳሱም ይበረታል። ዲ12ን ግን አትመኚ፣ 24 ሚሊሜትር ነው። ቱቦውን አስፍቼ ባስገባውስ ትያለሽ፣ አውቅሻለሁ። ጅራቱ ይከብድና አየር ላይ ይገለባበጥብሻል።

ስለ አጎትሽ ጣቶች እናትሽ የነገረችሽ ግማሹን ነው። የቡሄ ዋዜማ ነበር፤ እኔ ጅራፌን ይዤ አጠገቡ ቆሜያለሁ። የለመደው ርችት አልቆ ሌላ ገዛ። መልኩም መጠኑም ያው። ክሩን ለኩሶ በድሮው ልክ ያዝ አድርጎ ቆየ፤ የዚህኛው ክር ግን ፈጣን ነበር። አንቺ ልጅ ሆነሽ መጫወቻ ያደረግሽው ክራር የሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደርድሮት አያውቅም። እንዴት ይጫወት እንደነበር ልነግርሽ አልችልም። አስተምረኝ ሳልለው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ለክረምት ስትመጪ ጃንሜዳ ላይ ልተኩስ ብለሻል። ሞተር በሻንጣ እንዳትይዢ! ፈንጂ ነው፣ መንገደኛ በአውሮፕላን ይዞት መግባት ክልክል ነው፤ እዚያው ተኩሰሽ ጨርሺ። ደግሞስ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሮኬቱ ከዚያኛው አገር ይልቅ ይርቃል፣ ፓራሹቱም ፈጥኖ ይወርዳል። የዚያ አገር የሞተር መምረጫ ሰንጠረዥ እዚህ አይሠራልሽም።

ካልተቀጣጠለልሽ 60 ሰከንድ ሳይሞላ አትጠጊው። ቶሎ መጠጋትሽንም ወንድምሽ ነግሮኛል፣ አትካጂ።

ሽሮና በርበሬ በአክስትሽ ልጅ ልከናል፤ በርበሬውን ፍሪጅ ውስጥ አድርጊው። የሚቀጥለውን ሞተር ከመጫንሽ በፊት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ከሰረዟ በኋላ ያለችው ቁጥር በደንብ ትታይ።

አባትሽ