ለ7ኛ እና 8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ቀን፦ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ስለሚጀመረው የትምህርት ሰዓት ለውጥ ማብራሪያ ስለመስጠት

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የውጤት ካርድ የሚሰጠው ቅዳሜ ጥር 24 ቀን ጠዋት መሆኑን እየገለጽኩ በቀጥታ ወደ ዋናው ጉዳይ እገባለሁ፤ የሰዓት ለውጡ ማስታወቂያ በተማሪዎች የመገናኛ ደብተር ከተላከ ወዲህ ቢሮዬ የመጣውም ሆነ በቴሌግራም ግሩፑ ሌሊት ድምፅ የላከው ወላጅ ሌላ ነገር አላነሣምና።

ከሰኞ የካቲት 3 ቀን ጀምሮ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ከ2፡00 ወደ 2፡30 ይዛወራል። የምሳ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወደ 1 ሰዓት ከፍ ይላል። ሒሳብና አጠቃላይ ሳይንስ በሳምንት ሁለት ሁለት ቀን ተያያዥ በሆነ ክፍለ ጊዜ ለ80 ደቂቃ ይሰጣሉ። ቱቶሪያሉ (የማጠናከሪያ ትምህርቱ) ቀርቶ ተማሪዎች በመምህር ክትትል የቤት ሥራ የሚሠሩበት 40 ደቂቃ ይተካል፤ መውጫውም 9፡00 መሆኑ ቀርቶ 9፡20 ይሆናል። በቀን ሰባት ክፍለ ጊዜ ነበረ፣ አሁንም ሰባት ነው። «ትምህርት ተቀነሰ» ለሚለው ወሬ መልሱ ይኸው ነው።

ውሳኔው ቢሮ ተቀምጦ የተወሰነ አይደለም። በታኅሣሥ አንድ ማክሰኞ የመጀመሪያውን ተማሪ ከሚያነሣው ሰርቪስ ጋር አብሬ ሄጄ ነበር። ከንጋቱ 12፡15 ነው፤ ገና አልነጋም። አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ምሳ ዕቃውን አቅፎ ገባና ሁለተኛው ተማሪ ሳይሳፈር እንቅልፍ ወሰደው። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሒሳብ ክፍላቸው ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ልጁ ዓይኑን ገልጦ ሰሌዳውን ያያል፤ ደወል ሲደወል ደብተሩ ላይ የነበረው ግን የዕለቱ ቀን ብቻ ነበር። መምህሩ አላጠፉም፣ ልጁም ሰነፍ አይደለም።

በጉርምስና ዕድሜ እንቅልፍን የሚያመጣው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ምሽት ላይ ዘግይቶ ስለሚመነጭ፣ የ13 ዓመት ልጅ እንደ ታናሹ በጊዜ ተኝቶ በጊዜ ልነሣ ቢል እንኳ ሰውነቱ አይታዘዘውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡30 በፊት እንዳይጀምሩ የመከረው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። «ይህ የፈረንጅ ልጅ ጉዳይ ነው» የሚለኝ ወላጅ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ የጉርምስና ሰውነት ግን በአገር አይለይም። «እኛ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን፣ በእግራችን ተጉዘን ተምረናል» የሚለኝም አለ። እኔም ተጉዣለሁ፤ አብረውን ከተጓዙት ስንቶቹ 8ኛ ክፍል እንደ ደረሱ ግን አብረን ብንቆጥር ደስ ባለኝ። «የሚያመሹት ስልክ ሲነካኩ ነው» የምትሉኝም በከፊል ልክ ናችሁ፤ ስልኩ ያለው ግን እናንተ ቤት መሆኑን በአክብሮት አስታውሳለሁ።

«ሥራ የምንገባው 2፡30 ነው፣ ልጁን የት እንጣለው?» ለሚለው መልሱ በማስታወቂያው ሁለተኛ ገጽ ተጽፎ ነበር። በሩ እንደ ቀድሞው 1፡30 ይከፈታል፤ ቤተ መጻሕፍቱም ከተረኛ መምህር ጋር ክፍት ነው። ታናሽና ታላቅ በአንድ ሰርቪስ የሚልኩ ቤተሰቦች ያቀረቡት ቅሬታ ግን ትክክል ነው። የአንደኛ ደረጃው ሰዓት ስላልተለወጠ ታላላቆቹ ያችን ግማሽ ሰዓት እንቅልፍ አያገኟትም፤ ለዚህ ዛሬ በእጄ መፍትሔ አለኝ ብዬ አልዋሽም።

ምሳን በተመለከተ «ልጄ ምሳ ዕቃውን እንደ ሞላ ይዞ ይመለሳል» የሚሉ እናቶች በየሳምንቱ ይመጣሉ። የእጅ መታጠቢያው አራት ቧንቧ ብቻ ነው ያለው፤ ሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆመ ልጅ ለመቀመጥ ሲደርስ ከ40 ደቂቃው ግማሹ አልፏል። አጠቃላይ ሳይንስም ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን ጠቅልሎ የያዘ ትምህርት ሆኖ ሳለ፣ የሊትመስ ወረቀት ታድሎ ሎሚውና የሳሙናው ውሃ ሳይነካ ደወል እየተደወለ ልጆች ውጤቱን ከመጽሐፍ ገልብጠው ይወጣሉ። «80 ደቂቃ ያሰለቻል» ለምትሉ፣ ስብከት ብቻ ከሆነ በእርግጥ ያሰለቻል፤ ስለዚህ እኔና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎቹ ክፍል እየገባን እንከታተላለን።

ብዙ ያነጋገረው ቱቶሪያሉ ነው። የ8ኛ ክፍል ወላጆች ሚኒስትሪ እየደረሰ ለምን ይቀራል ትላላችሁ። ጭንቀታችሁን እረዳለሁ፤ ነገር ግን ቱቶሪያል ስንለው የነበረው ልጆች በደከመ እጅ ኖት የሚገለብጡበት ሰዓት ነበር፤ የቤት ሥራውን ደግሞ ማታ ቤት ሄደው፣ አንዳንዴም በእናንተ እጅ ጽሑፍ፣ ይሠሩታል። መምህራኑ የእጅ ጽሑፍ ይለያሉ። አሁን የማይገባውን ጥያቄ መምህሩ አጠገቡ ቆመው ያስረዱታል። ክፍያ አልተጨመረም። «ታዲያ ለምን አልተቀነሰም?» የሚለውም ደርሶኛል፤ እነዚያው መምህራን እስከ 9፡20 ስለሚቆዩ የሚቀነስ ነገር የለም።

ታናሽና ታላቅ አብረው ከሚሳፈሩበት በስተቀር የሰርቪስ መነሻ ሰዓት በየመስመሩ በ30 ደቂቃ ይገፋል። የጠዋቱ ትራፊክ ምን እንደሚያደርግ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስለምናይ፣ ተማሪ ከ2፡40 በኋላ የደረሰባቸውን ቀናት በመገናኛ ደብተሩ መዝግባችሁ ላኩልን። የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት በሚያዝያ ወር ተሰብስቦ ድልድሉን ይገመግማል፤ ያኔ የተጻፈ አስተያየት ይነበባል፣ የሌሊት የድምፅ መልእክት ግን አይደመጥም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን ቅጽ፣ በተለይ ታናሽና ታላቅ ያላችሁ ወላጆች፣ ፈርማችሁ እስከ ዓርብ ጥር 30 ቀን ለክፍል ኃላፊ መምህራን እንድትልኩ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር