ጋቢውን ይዞ ነበር?

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ከእማማ ተዝካር ወዲህ አንዲት መስመር እንኳ ሳልጽፍልህ ሁለት ዓመት ማለፉ ጥፋቱ የእኔ ነውና ይቅር በለኝ። ምክንያት መደርደር አልፈልግም፤ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ያለ አንተ ፈቃድ ልቀጥለው የማልችለው ነገር ስለ ገጠመኝ ነው።

ያ ከተማሪነታችን ጀምሮ ስንጨቃጨቅበት የኖርነው ልብ ወለድ ተጀምሯል። እንግሊዞች ንጉሥ አርተር አልሞተም፣ አንድ ቀን ይመለሳል እያሉ ከዚያ አፈ ታሪክ ይህን ሁሉ ሳቅ ሲያወጡ፣ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል የሚል ትንቢት ያለን እኛ ለምን ዝም እንላለን ትለኝ አልነበር? ካሳም በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲነግሥ ያንን ስም የወሰደው በዚሁ ትንቢት ነው። እነሆ አመጣሁት። ቸርችል ጎዳና፣ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ከሴባስቶፖል ምስል አጠገብ ቆሟል። መድፉን በመዳፉ ዳብሶ «ይህ የእኔ አይደለም» ይላል፤ ዋናው መቅደላ አምባ ላይ መቅረቱን ያውቃልና።

ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሆድህን ይዘህ እንደምትስቅ አልጠራጠርም። ወደ ፒያሳ የሚወጣ ሚኒባስ ዳገቱ ላይ ቀጥ ይላል። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ስድስት ወር ያህል መድፍ ያስጎተተ፣ በገዛ እጁ ድንጋይ እያነሳ መንገድ ያስጠረገ ሰው ይህን አይቶ ማለፍ አይችልምና ኩታውን አደግድጎ፣ ተሳፋሪውን ግራና ቀኝ አሰልፎ፣ በዜማ እያስገፋ ያወጣዋል። ሞተሩ ሲነሳ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር፣ ሂሳብ!» ይለዋል። መታወቂያ ሊያወጣ ሄዶ ስሙን እስከ አያት ሲጠየቅም «አባ ታጠቅ» ብሎ የፈረስ ስሙን ይናገራል፤ ጸሐፊዋ ታጠቅ አባትዎ ናቸው ወይ ስትለው ፈረሱ መሆኑን በኩራት ያስረዳታል። ሳቁ ከእኛ ዘመን እንዲመነጭ እንጂ እርሱ መሳቂያ እንዳይሆን እያንዳንዱን ቃል መዝኜአለሁ። (አንተ ለራስህ ያወጣኸውን የፈረስ ስም ግን አላስገባሁትም፤ ክብርህን ጠብቄልሃለሁ።)

የተቸገርኩት ሦስተኛው ላይ ነው። ካሳ ጎዳናው በማን ስም እንደተጠራ ይጠይቃል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም መሆኑ ሲነገረው ፊቱ ይለወጥና «ልጄንስ የት አደረሱት?» ይላል። አለማየሁ በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ ተወስዶ፣ በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ አገር ሞቶ፣ ዊንዘር መቀበሩን አንድ መጽሐፍ አዟሪ ልጅ ይነግረዋል። አባት ይህን ሲሰማ፣ ያውም ሰው ሊስቅበት በገዛው መጽሐፍ ውስጥ፣ ምን ይላል? ፎከረ ብዬ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት። አለቀሰ ብዬ ጻፍኩ፣ እሱንም ሰረዝኩት።

ከዚያ አንድ ሌሊት የአንተ ድምፅ መጣብኝ። ልጅህን ቦሌ በሸኘንበት ምሽት ሁላችንም ስናለቅስ አንተ ከመስታወቱ ማዶ ጀርባውን እያየህ «ጋቢውን ይዞታል?» ብቻ ነበር ያልከው። ማንም አልመለሰልህም፤ እኔም አልመለስኩልህም። ካሳም ለአዟሪው ልጅ ያንኑ ይለዋል፦ «ጋቢውን ይዞ ነበር?»

ይህን ከጻፍኩ በኋላ አንዲት ቃል መጨመር አቃተኝ። ቃሉ የአንተ ነው፤ ሳላስፈቅድህ ወሰድኩት። ልጅህ እስካሁን ለመምጣት እንዳልቻለ ከሰው ሰምቻለሁ፤ እንዴት እንደምጠይቅህ ግራ ገብቶኝ ነው እንጂ መጀመር የነበረብኝ ከዚያ ነበር። ቅር ካለህ ያለ ምንም ማብራሪያ «አውጣው» በለኝ፣ አወጣዋለሁ። ምዕራፉን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ፤ መልስህ እስኪደርሰኝ ድረስ ካሳን አደባባዩ ላይ እንዳቆምኩት እጠብቅሃለሁ።

አክባሪ ወንድምህ
አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ