ለስላሳ ኮራል ለምታሳድጉ አባላት፦ መብራት ሲጠፋና ውኃ ሲጎድል

ሰላም ለሁላችሁ።

መብራት ሲጠፋ በገንዳ ያለውን ኮራል (የባሕር እንስሳ ነው) ቀድሞ የሚጎዳው ጨለማው ሳይሆን የውኃው መቆም ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስማ ከዚያም ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አዘጋጁ። ከሌላችሁ በየ15 ደቂቃው ውኃውን በንጹሕ ኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት። መብራቱ እስኪመጣ ምግብ አትስጡ። ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፤ የሚፈለገው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ነው።

ውኃ ሲተን ጨዉ ይቀራል። የጎደለውን እንግዲህ ጨው በሌለው፣ በደንብ በተጣራ ውኃ ሙሉ። የጣና ውኃ እንዳለ አይሆንም፤ አልጌ ያበዛል። ውኃውን ስትቀይሩ ግን ለአዲሱ ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ለባሕር አኳሪየም የተዘጋጀ ጨው ጨምሩና አንጻራዊ እፍጋቱ (ከንጹሕ ውኃ ጋር ሲነጻጸር) 1.025 መድረሱን ለኩ። የወጥ ጨው በፍጹም! ካልሲየምና ማግኒዥየም ይጎድለዋል።

ሳርኮፊቶን (እንጉዳይ የሚመስለው ለስላሳ ኮራል) ተኮማትሮ ላዩ ሰም የተቀባ ከመሰለ ሞተ ብላችሁ አትጣሉት፤ ሽፋኑን እየጣለ ነው። የውኃውን ፍሰት ጠንከር አድርጉለት፣ ቀናት ታገሡት። ከሸተተና ከተበጣጠሰ ግን ወዲያው አውጡት።

ዞአንቲድ (መርዝ ሊኖረው የሚችል የኮራል ዘመድ) ስትቆርጡ ጓንትና መነጽር አይለያችሁ። የተለጠፈበትን ድንጋይ አትቀቅሉ፤ ከእንፋሎቱ ጋር የሚወጣው መርዝ ሳንባን ይጎዳል።