ጂኖሚክስ ቅንጦት ነው ላሉት አንባቢ

ጤና ይስጥልኝ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ "ዳቦ በጠፋበት አገር የጂን ምርምር ምን ይሰራልናል፣ ቅንጦት ነው" ብለው የጻፉትን አየሁ። ከልባቸው እንደጻፉት ያስታውቃል፣ እኔም ድሮ ብትጠይቁኝ እንደሳቸው ነበር የምለው። ግን ስለ ዳቦ ካነሱ አይቀር፣ አርሲ ውስጥ አመታት ዲኤ (የግብርና ልማት ሰራተኛ) ሆኜ ሰርቻለሁና ስንዴ ላይ ያየሁትን ልንገራቸው።

በ2003 ምርት ዘመን ኩብሳ የሚባለውን ስንዴ ቢጫ ዋግ የሚሉት የፈንገስ በሽታ መታው። ኩብሳ ያኔ ገበሬው አይኑን ጨፍኖ የሚዘራው ዘር ነበር። ማሳው ውስጥ አቋርጠህ ስትወጣ ሱሪህ እርድ የተነፋበት ይመስላል፣ ፀረ-ፈንገስ ያለው ረጨ የሌለው ቆሞ አየ። ከዛ እኛ ባለሙያ ተብዬዎቹ ቤት ለቤት እየዞርን ዲገሉ የሚባለውን ሌላ ስንዴ ዝሩ፣ ዲገሉ ይሻላል አልን። አልዋሸንም፣ ዲገሉ እውነትም ቢጫ ዋግን ይቋቋም ነበር፣ አለምን ሲያስፈራ የነበረውን ኡጂ99 የሚሉትን የግንድ ዋግም ይችላል፣ ገበሬውም አምኖን ወረዳው በዲገሉ ተሞላ።

ኅዳር 2006 ላይ ባሌና አርሲ ዲገሉም ተመታ። አሁን ደግሞ ቢጫው ሳይሆን የግንዱ ዋግ ነው፣ አገዳውን ስትነካው የዛገ ሚስማር የጨበጥክ ነው የሚመስለው፣ ያውም ለአጨዳ ጥቂት ሲቀረው። አንዱ ዘሩ ተበላሽቶ ነው ይላል አንዱ መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው ይላል፣ እርስ በርስ ተወቃቀስን። አንድ አዛውንት ገበሬ "ከኩብሳ አውጥታችሁ ዲገሉ አስዘራችሁኝ፣ አሁንስ ወዴት ልትወስዱኝ ነው?" ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ።

በኋላ ነው ነገሩ የገባን። የመጣው ከኡጂ99 ወገን እንኳ ያልሆነ ሌላ የግንድ ዋግ ዝርያ ነው፣ ሳይንቲስቶቹ ቲኬቲቲኤፍ ይሉታል። ዲገሉ የግንድ ዋግን የሚመክትበት ዋናው ጂን አንድ ነበር፣ ይሄኛው ዋግ ደግሞ እሱን ጂን ማለፍ ይችላል፣ አለቀ። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ዘበኛ ሲያድር ዘበኛው የተኛ ለት የሚሆነውን አስቡት። የዋግ ዱቄት በነፋስ ድንበር ይሻገራል እኮ፣ የትኛው ዝርያ እንደገባ ለማወቅ ግን ያኔ ናሙና በፖስታ ውጭ አገር ይላክና መልሱ ስንት ወር ቆይቶ ይመጣል፣ እስከዛ ስንዴው ታጭዷል ወይ ተቃጥሏል።

አሁን ወደ ጂኑ ልምጣ። በፈረንጅ 2018 ሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ላይ ማርፕል የሚባል ዘዴ ተሞከረ፣ የኛው የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሲሚት የሚባለው አለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከልና የእንግሊዙ ጆን ኢንስ ማዕከል አብረው የሰሩት ነው። ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ እጅ መዳፍ ላይ የሚያርፍ መሳሪያ አለው፣ የታመመ ቅጠል ተወስዶ ከቢጫ ዋጉ 242 ጂን ይነበብና የትኛው ዝርያ እንደሆነ በ48 ሰዓት ይታወቃል። ሁለት ቀን! ዝርያውን በጊዜ ያወቀ ባለሙያ የትኛው ስንዴ አደጋ ላይ እንዳለ የትኛው መረጨት እንዳለበት ለገበሬው ይናገራል። እኔ በ2006 ለግንዱ ዋግ እንዲህ ያለ ነገር ባገኝ ለዛ አዛውንት የምመልሰው ነገር ይኖረኝ ነበር።

ጤናውም ያው ነው። የወንድሜ ልጅ ከሱዳን ድንበር ብዙ በማይርቅ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ትሰራለች። የሚንቀጠቀጥ ሰው ይመጣል፣ በራፒድ ቴስት ስታየው ወባ የለም ይላል፣ ማይክሮስኮፕ ስር ስታደርገው ወባው ቁልጭ ብሎ ይታያል። መጀመሪያ አንቺ ነሽ ያበላሸሽው ተባለች፣ አልቅሳ ነው የደወለችልኝ። ለካ ቴስቱ የሚፈልገው ኤችአርፒ2 የሚባል ወባው የሚያመርተውን ፕሮቲን ነው፣ አንዳንዱ ወባ ደግሞ ያንን ጂን ከነጭራሹ ጥሎታል። ጂኑ የሌለው ወባ አይታይም፣ ካልታየ አይታከምም፣ ካልታከመ ይዛመታል። በፈረንጅ 2021 የታተመ ጥናት አማራ፣ ትግራይና ጋምቤላ ውስጥ 12,572 ሰው መርምሮ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ አይነት ከያዛቸው 9.7 ከመቶ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ሳይታዩ እንደሚያልፉ ገምቷል፣ የአለም ጤና ድርጅት ደግሞ 5 ከመቶ ካለፈ ቴስት ቀይሩ ነው የሚለው። ጤና ኬላ ላይ ማይክሮስኮፕ የለም፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ ያላት ራፒድ ቴስት ብቻ ነው፣ እና የወባውን ጂን ማንበብ ቅንጦት ነው?

(ስለራሳችን ጂንም ካነሳን፣ በፈረንጅ 1996 የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው ኮዴይንን ቶሎ ወደ ሞርፊን የሚቀይር ተጨማሪ ጂን እንዳላቸው አሳይቷል። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ለልጅ የምትሰጡ ወላጆች መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ።)

አንባቢው "ጂናችንን ፈረንጅ ይወስደዋል" ያሉት ላይ ግን አልከራከርም። ጤፍ ላይ የሆነውን አይተናል፣ በፈረንጅ 2005 የተፈራረምነው የሆላንድ ድርጅት በጤፍ ዱቄት ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አውጥቶ እሱም ከሰረ፣ ፓተንቱ ሄግ ፍርድ ቤት እስኪሰረዝ 2018 ደረሰ። ለኔ ይሄ እዚሁ እኛው እንድናነበው የሚገፋ እንጂ ምርምሩን እንድንተወው የሚያደርግ አይደለም።

ይልቅ ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ነገር ልለምን። ጋዜጠኛ ላኩና ሁለት ነገር ጠይቁልን። ዛሬ ከአንድ ወረዳ የተላከ የዋግ ናሙና ውጤቱ ወደዛው ወረዳ ዲኤ እጅ ለመመለስ ስንት ቀን ይፈጃል? የመሳሪያው ኬሚካል በዶላር ነው የሚገዛው፣ ፕሮጀክቱ ያለቀ ለታስ ማን ነው የሚገዛው?

የቀድሞ ዲኤ፣ ከአሰላ