ከፊርማው በኋላ ያለው ሥራ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ለሽንት መቆጣጠር ተብሎ የገባላቸው የፕላስቲክ መረብ (ሜሽ) የጎዳቸው የማኅበርሽ ሴቶች ለብሪታንያ ፓርላማ ሊጽፉ ነው ስላልሽኝ፣ በስልክ የጀመርነውን እዚህ ልጨርስልሽ።

«የፓርላማው ፊርማ» የምትሉት ኧርሊ ዴይ ሞሽን የሚባል አጭር የጽሑፍ የውሳኔ ሐሳብ ነው። አንድ የፓርላማ አባል ያስመዘግበዋል፣ ሌሎች ይፈርሙበታል። «ይህ ምክር ቤት» ብሎ ይጀምራል፣ ከ250 ቃላት አይበልጥም፣ ሙሉው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የሁሉንም ሕመም ሊይዝ አይችልም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ነው፤ «መንግሥት ትኩረት ይስጥ» ካለ ሚኒስትሩ «ሰጥተናል» ብሎ ይዘጋዋል። በወቅቱ የእንግሊዝ የታካሚ ደኅንነት ኮሚሽነር የነበሩት ሄንሪየታ ሂዩዝ በ2024 በሪፖርታቸው መረቡ ለጎዳቸው ሴቶች ካሳ በሁለት ደረጃ እንዲከፈል መክረዋል፦ መጀመሪያ የተወሰነ ገንዘብ፣ ቀጥሎ እንደየጉዳቱ። ስለዚህ «የመጀመሪያው ክፍያ መቼ ይጀመራል?» ብለው ይጠይቁ። ፍርድ ቤት የያዘውን ጉዳይ ግን አያንሡ፣ ደንቡ አይፈቅድም።

እያንዳንዷ ለራሷ አካባቢ ተመራጭ ትጻፍ፤ አድራሻና ፖስትኮድ አይዘንጉ። አንዱን ደብዳቤ ሁሉም ከሚገለብጡት፣ መረቡ የገባበትን ዓመትና ከዚያ ወዲህ ያቃታትን አንድ ነገር በራሷ ቃል ብታሰፍር ይሻላል። ተመራጩ ሚኒስትር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይፈርምም፤ ለጤና ሚኒስትሩ እንዲጽፍላት ትጠይቀው።

እማዬ፣ ፊርማው ብቻውን ማንንም አያስገድድም። አብዛኞቹ ሞሽኖች ክርክር ሳያገኙ የምክር ቤቱ የስብሰባ ዘመን (ሴሽን) ሲያበቃ ይቀራሉ። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ የስም ዝርዝሩ ነው፣ በተለይ ከገዢው ፓርቲ የፈረሙት። ለምሳሌ ለሕክምና በተሰጠ የተበከለ ደም ጉዳይ በ1970ዎቹና 80ዎቹ ከ30,000 በላይ ሰው በኤችአይቪና በሄፓታይተስ ተይዟል። ያኔ ተቃዋሚ የነበረው የሌበር ፓርቲ የፓርላማ አባል ዳያና ጆንሰን ጉዳዩን ዓመታት ሙሉ ሲገፉ ኖረው፣ ዲሴምበር 4 ቀን 2023 የካሳ አካል እንዲቋቋም በሕግ ረቂቅ ላይ ያቀረቡት ማሻሻያ 246 ለ242 አለፈ። አራት ድምፅ! ከገዢው ፓርቲ የተወሰኑት ወደ ተቃዋሚው ጎን ባይሻገሩ ኖሮ ይወድቅ ነበር። የካሳው ባለሥልጣን በ2024ቱ ሕግ ተቋቋመ።

ስለዚህ የፈረሙትን ስም ይያዙ፤ ማሻሻያ በሚቀርብበት ሳምንት ለእነዚያው ሰዎች እንደገና ይጻፉ። ረቂቁን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፣ ቃላቱን እቆጥርላችኋለሁ።

ልጅሽ